ማስተካከያ፦ ክራፒ የሚራባበት የውሃ ሙቀት

ስለ አሜሪካው ክራፒ ዓሣ ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ «ውሃው 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንቁላል ይጥላል» ብለን ነበር። ስሕተት ነው፤ በዚያ ሙቀት ዓሣው ይቀቀላል እንጂ አይራባም። ልኬቱ በፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ 18 ገደማ ይሆናል። ክራፒ የብርዱ ወራት አልፎ ውሃው 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ወደ ዳርቻ መጠጋት ይጀምራል፤ በብዛት የሚራባው ግን ከ16 እስከ 20 ባለው ነው። ድንገት ብርድ ከተመለሰ ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ መንጠቆውም አብሮት መውረድ አለበት።

ጎጆውን የምትጠብቀው እንስቷ ናት ማለታችንም ትክክል አልነበረም። እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ በዚያ ሰሞን መልኩ ይጠቁራል፣ የቀረበውንም ይናከሳል። በቀላሉ የሚያዘውም ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ ለክቶ የመራቢያው ሙቀት ደርሷል ብሎ ለማጥመድ መቸኮል ያሳስታል፤ ማለዳ መለካት ይሻላል።