ይድረስ ለክቡር ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ባሉበት ፋይል ውስጥ

ጉዳዩ፦ የእናቴን አንገት በተመለከተ አቤቱታ ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቼና እናቴ ከእርስዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሰኔ ገብቷል፤ ገበሬው ከበሬው ጋር፣ እኛም ከፎቶ ኮፒው ጋር ውለን እንገባለን።

ቂሜን ከሥር ከመሠረቱ ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ስለዚህ ሰሞኑን አዲስ አበባ ላይ ያከናነቡንን ውርደት አስቀድማለሁ፤ ገና ትኩስ ነውና።

ቦሎኛ የምትኖር እህት አለችኝ። የሰው አገር አሮጊት ስትጦር ዕድሜዋን የገፋች ናት። ዘንድሮ የዕረፍት ፈቃዷን አጠራቅማ፣ «እናቴንም እናንተንም በክረምቱ ጣሊያንን ከላይ እስከ ታች አሳያችኋለሁ» ብላ የግብዣ ደብዳቤ ላከች። እኛ ጭቃ ስንረግጥ እነርሱ ባሕር ዳርቻ ፀሐይ ላይ ይጋደማሉ፤ የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ ነው። አገሩ 20 ክልሎች አሉት፤ እህቴ ጥቂቱን መርጣ ሰሌዳ አወጣች። ከሮም ወደ ናፖሊ፣ ከናፖሊ ባቡሩ ከነተሳፋሪው መርከብ ላይ ተጭኖ በመሲና ወሽመጥ ወደ ሲሲሊ፣ ከዚያ በፑሊያና በማቴራ ዞሮ ወደ ፍሎረንስ፣ ማረፊያው ቦሎኛ።

ቤቱ ሁሉ ካርታ ሆነ። ሴቷ ልጄ ባቡር እንዴት መርከብ ላይ እንደሚሳፈር በመሶቡና በእንጨት ክምር እየሠራች ታሳየን ጀመር። ወንዱ ልጄ የኤትናን ተራራ ቁመት ፈልጎ ከ3,300 ሜትር ትንሽ በላይ ሆኖ ቢያገኘው፣ «አባዬ፣ ከጮቄ ያንሳል እኮ!» ብሎ ቅር አለው፤ እሳት ይተፋል ብለን አጽናናነው። እናቴ የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንዱ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስን መሳለም ነው። የእኛ መነኮሳት ከዘመናት በፊት በኢየሩሳሌም አድርገው ሮም ሲገቡ ያረፉበት ቦታ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮንም የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ያሳተሙት እዚያው ሮም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማቴራ ላይ ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ማየት ነው፤ ላሊበላን የተሳለመ ሰው የሌላውን ሥራ ቢመዝን አይፈረድበትም። ፍልሰታን በተመለከተ ሐሳቧን ጨርሳለች። ጣሊያኖቹ ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነርሱ ኦገስት 15፣ የእመቤታችንን ዕርገት ሱቃቸውን ዘግተው ሲፈስኩ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። «እነርሱ ይፈስኩ፤ እኔ ሽሮዬን ይዤ እሄዳለሁ» አለች።

ከዚያ የቪዛው ወረቀት መጣ። የባንክ መግለጫ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና፤ ክፍያው ለአዋቂ 90፣ ለሕፃን 45 ዩሮ። ይህን ሁሉ ተሸከምነው። ከዚህ ሁሉ ሰነድ አንዱም አላዋረደኝም። ያዋረዱኝ እርስዎ ነዎት፤ ከሁሉም የሚያንሱት።

የማርቆሱ ፎቶ አንሺያችን ጨዋ ሰው ነው። 3 በ 4 አድርጎ ሠራን፤ ምን ያድርግ፣ ቀበሌው 3 በ 4፣ ትምህርት ቤቱ 3 በ 4፣ እድሩም 3 በ 4 ነው የሚለው። በዚያ ላይ ሹራብ ለብሼ ስላየኝ አዝኖልኝ ኖሮ፣ ሳልጠይቀው በኮምፒውተር ጥቁር ኮትና ቀይ ከረባት አለበሰኝ። ለልጄም አልነፈገውም፤ ሁለተኛ ክፍል ያልጨረሰ ልጅ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መስሎ ወጣ። እናቴን ግን «እርስዎማ ምን ጎድሎዎት» ብሎ እንደነበረች ተዋት።

የመንገዱን ነገር አልተርክም፤ የሄደበት ያውቀዋል።

ማመልከቻ ከሚቀበለው ቢሮ በር ላይ ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ሰልፉን አታስረዳኝ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስሙን የሚመዘግበው ሰው፣ ሁለተኛውን ዝርዝር የያዘው ሌላ ሰው፣ «እኔ እኮ ከእርሱ ፊት ነበርኩ፣ ውኃ ልገዛ ሄጄ ነው» የሚለው ሦስተኛው። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ቀረብን። ወጣቱ ፋይላችንን አገላብጦ ማስመሪያ አወጣ። ማስመሪያ! እኔ የባንክ ሒሳቤን ሊመረምር ነው ብዬ ወገቤን ሳጠብቅ፣ እርሱ የፊቴን ርዝመት ይለካል። «3.5 በ 4.5 ነው የሚፈለገው። ፊትም ከ70 እስከ 80 በመቶ መሙላት አለበት።» ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጎደልን። ቀጥሎ ፎቶዬን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ጌታዬ፣ ይህ ኮት የእርስዎ ነው?» አለኝ። የተሰለፈው ሰው በሙሉ አንድ ላይ ሹራቤን ተመለከተ።

ይህንንስ ስቄ ባለፍኩት። ወጣቱ ወደ እናቴ ፎቶ ዞሮ «እማማ፣ የእርስዎ ደግሞ አንገት ላይ ጥላ አለበት» አለ። እናቴ ዘወር ብላ ግድግዳውን አየች፤ ጥላውን እዚያ ነበር የፈለገችው። «ልጄ፣ ጥላ አይደለም፣ ንቅሳት ነው» አልኩት። «ጥላ ያለበት ፎቶ አንቀበልም» አለ። «ይኸው እኮ ሴትዮዋ ፊትህ ቆማለች፤ ቀና ብለህ ተመልከት!» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እኔ የምመለከተው ፎቶውን ነው።»

ስማ፣ አንተ ቁራጭ ወረቀት! ያ አንገት የእናቴ አንገት ነው። በልጅነቷ በእሾህና በጥቀርሻ ተወግታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋን ውጣ የተነቀሰችው ነው። ሠርጓ ቀን ስንት ግጥም ተደርድሮለታል፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ያን አንገት ሲያወድስ ኖሯል። ማተቧ የታሰረው እዚያ ላይ ነው። እኛ ሁላችን አልቅሰን ዝም ያልነው እዚያ ላይ ተደፍተን ነው። አንተ ማን ነህና ነው ይህን ጥላ የምትለው? ሰው በአካል ቆሞ፣ እየተነፈሰ፣ «ይኸው እኔ ነኝ» እያለ፣ አንተ ካልመሰከርክለት ሰው የማይሆነው በየትኛው ፍርድ ነው? እናቴ ቢሮው መሀል ነጠላዋን ሰብስባ አንገቷን ስትሸፍን አይቻለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሸፍናው የማታውቀውን አንገት። ይህን አልረሳልህም።

ወደ ክብርዎ እመለሳለሁ።

ከቢሮው በር ፊት ለፊት ፎቶ ቤት አለ። ከእንዲህ ያለ በር ፊት ለፊት ሁልጊዜ ፎቶ ቤት አለ። ማርቆስ ላይ ቤተሰቡን ከነጎረቤቱ በሚያስነሣ ገንዘብ አንድ ሰው አንድ ሰው እያስነሣን ገባን። ልጁ የእናቴን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ አይጧን ወዲያና ወዲህ ጎተተ፤ ንቅሳቱ ጠፋ። በዚያው የግንባሯን መስመርና ከቅንድቧ በላይ ያለችውን ጠባሳ ጠረገላት። «እርሱ ምርቃት ነው» አለ። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ፣ ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። «ይህች ማን ናት?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። «እንግዲያው ይህችን ለቀብሬ እንዳታወጡብኝ፤ ለቀስተኛው ማን ሞተ ብሎ ከበር ይመለሳል።»

መስኮቱ ጋ ተመለስን። ወጣቱ ማስመሪያውን አስጠግቶ «አሁን ትክክል ነው» አለ። እናቴ ከነንቅሳቷ ፊቱ ቆማ፣ የማትታወቅ ሴት ፎቶ ትክክል ሆነ። ቀጥሎ አሥር ጣቷን መሣሪያው ላይ አስነካት። ከዚያ በጎኑ የተተከለውን ካሜራ ወደ እርሷ አዙሮ፣ «እማማ፣ እዚህ ይመልከቱ» ብሎ ራሱ ፎቶ አነሣት! ከነንቅሳቷ፣ ከነጠባሳዋ፣ ስክሪኑ ላይ ወለል ብላ ታየች። ጥላ አለ ያለ የለም። ታዲያ ካሜራው እዚያው ከነበረ፣ ክቡርነትዎ ምን ሊሠሩ መጡ? ለማን አስፈለጉ? ይህን ጥያቄ ከማርቆስ እስከ አዲስ አበባ የሚመልስልኝ ሰው ካለ ወጪውን ችዬ ሽሮ አበላዋለሁ።

ተመልሼ ስገባ ነገሩ ሌሊት ሌሊት ይከነክነኝ ጀመር። የማመልከቻው ትልቁ ጥያቄ «ትመለሳላችሁ ወይ?» ነው። የቤት ካርታ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ምናምን የሚጠይቁን ለዚህ ነው (የእናቴን ላሞች ማስመዝገቢያ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም፤ እርሷን በግድ የሚመልሷት ግን እነርሱ ናቸው)። ይሁን፣ መጠየቅ መብታቸው ነው። ነገር ግን የአክሱምን ሐውልት ያስታውሷል? በወረራው ዘመን ስብርባሪው ተጭኖ ሮም ገባ። ጉርድ ፎቶ አልተጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለሳል ተባለ፤ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የተፈቀደለትን ጊዜ ይህን ያህል ያሳለፈ እንግዳ በየትኛው ፋይል ተመዝግቦ ያውቃል? ጥላውንስ ቢሆን፣ 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ አደባባያቸው ላይ ስንት ዓመት ጥላውን ሲጥል ማን በማስመሪያ ለካው? የወረሩን ጊዜስ እዚህ ጎጃም ድረስ የመጡት ሁሉ የግብዣ ደብዳቤ ይዘው ነበር? በላይ ዘለቀ አልጋበዛቸውም፤ ይህን አረጋግጥልዎታለሁ።

የቀረውን ቂም በችኮላ ልለፈው። የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ 2 ጉርድ ፎቶ። መታወቂያው እንደጠፋ የሚገልጽ ደብዳቤ ለማውጣት 2 ጉርድ ፎቶ። «ከጀርባው ሙሉ ስም ይጻፍበት» ተብሎ ሲጻፍ ቀለሙ ወደ ፊት አልፎ አፍንጫዬ ላይ ሰማያዊ ኪንታሮት ያበቀለ ፎቶ። ለአስተማማኝነቱ ሲባል ፊቴን፣ ዓይኔን፣ አሥር ጣቴን ሰጥቼ የፋይዳ ቁጥር አወጣሁ፤ ያንኑ ቁጥር ይዤ አንድ ቢሮ ብሄድ ጸሐፊዋ ቁጥሩን መዝግባ «ጉርድ ፎቶውስ?» አለችኝ። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ የተቀበሩት ፊቶቼ ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይመሠርታሉ፤ ሊቀ መንበሩም ባለ ኮቱ ይሆናል።

አሁን እየጠበቅን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ሆኗል። የእህቴ ፈቃድ ደግሞ አይራዘምም፤ ሲሲሊን ከሰሌዳው አውጥታ ፑሊያን አሳጥራለች፣ ከሰነበተ ማቴራም ሊወጣ ነው። ልጄ «ኤትና ድሮም አጭር ነው» ማለት ጀምሯል። እኔን ያስፈራኝ ግን መከልከሉ አይደለም፤ መፈቀዱ ነው። ቪዛው ሲለጠፍ ፎቶውም አብሮ ይለጠፋል። ፓስፖርቷ ላይ ያለችው እናቴ ንቅሳት አላት፤ ቪዛው ላይ የምትወጣው ያቺ የማትታወቀው ናት። እንግዲህ ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መኮንኑ አንዱን ገጽ አይቶ፣ ሌላውን ገጽ አይቶ፣ ቀና ብሎ እናቴን ቢያይና «ይህ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ቢላት፣ ጥላ ነው እንድትል አስጠንተናታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ባለ ሹራብ፣ ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለማርቆሱ ፎቶ አንሺ (ከረባቱን ወንድ ልጄ ስለወደደው ባለበት ይቆይለት)
ለእህቴ፣ ቦሎኛ (እናቴ ጥያቄ አላት፦ ማቴራ የማይደረስ ከሆነ ሽሮው ይቀነስ ወይ?)

አባሪ፦ ከአዲስ አበባው ፎቶ ቤት የተረፉ 2 ጉርድ ፎቶዎች፣ መጠናቸው 3.5 በ 4.5። በቤታችን ሴትዮዋን የሚያውቃት ሰው ስላልተገኘ ባለቤቷ እስክትመጣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጡ።