ለቅሶ ለተከለከሉ እናቶች የቆመ ሐውልት

በመስቀል አደባባይ ጥግ፣ በቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ፣ አቡነ ጴጥሮስም በስማቸው በተሰየመው አደባባይ ይታወሳሉ። እነዚህ ሴቶች ግን ስም የላቸውም፤ ያዘኑ እናቶች ናቸው። ለእኔ ከአዲስ አበባ ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

የደርግ መንግሥት ተቃዋሚዎቹን በቀይ ሽብር ስም በገደለበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የወጣቶች አስከሬን ጽሑፍ እየተለጠፈበት በየመንገዱ ይጣል ነበር። የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ለቅሶ መከልከሉ ይመስለኛል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሠልስትና አርባ ይወጣል። የዚያ ዘመን እናት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ መውጣት አልቻለችም። ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በእጇ ይዛ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች። ያን ጊዜ በመንግሥት የተነፈገው ሐዘን ዛሬ አደባባይ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ቆሟል። ቀራፂው ሟቾቹን ትቶ እናቶቹን ማቆሙ ትክክል ነው።

ቦታውም ትክክል ነው። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የጠላት ደም ምሳሌ የሆነ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የሰባበሩት እዚሁ፣ በያኔው አብዮት አደባባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሙዚየሙን መርቀው የከፈቱት ደግሞ አራት ልጆቻቸውን በአንድ ቀን የተነጠቁ እናት ናቸው።

«ነጭ ሽብርስ? በኢሕአፓ ጥይት የወደቁትስ?» የሚሉ አሉ፤ ደርግን ይታገል የነበረው የኢሕአፓ ፓርቲ ታጣቂዎች በከተማ የፈጸሙትን ግድያ ማለታቸው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእነዚያም ታሪክ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ በቂ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ። ሐውልቱን በሚመለከት ግን ክርክሩ አይገባኝም። ልጇ በቀበሌ ጠባቂ የተገደለባትም፣ ልጇ በከተማ ታጣቂ የተገደለባትም እናት እነዚህን ሴቶች የእኔ ናቸው ብትል የሚከለክላት የለም። «የቆየ ቁስል አትቀስቅሱ» የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። የሟቾቹ ፎቶግራፍ፣ ልብስና ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽም ከሐውልቱ ጀርባ፣ በሙዚየሙ ውስጥ ነው ያለው። በዚህ መካከል ዝም በሉ ማለት ያንኑ የለቅሶ ክልከላ መቀጠል ነው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እንግዶችን ሲያስጎበኙ ከኖሩት መካከል እስሩንና ግርፋቱን በገዛ አካላቸው ያዩ ሰዎች አሉ። በ1970 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። ቃላቸው በድምፅና በምስል ተቀርጾ ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት አሁን፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና የከተማው ትምህርት ቢሮም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደዚህ የማምጣቱን ጉዳይ ለመምህራን በጎ ፈቃድ ከመተው በታሪክ ትምህርት ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት።