ተመስገን በል!

ተመስገን ባዮችን ሳላመሰግን ይህ ሳምንት ቢያልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሰሞኑን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ቺንጋ (ቀበቶ) የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች የወሰደበትን የሰፈራችንን ልጅ ልጠይቅ ደሴ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ጠያቂዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሐረጎን በሚኒባስ ሽቅብ ወጥተው፣ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ፋሻውን በዓይናቸው ለካ ለካ ያደርጉትና ገና አልጋው ጫፍ ላይ ሳይቀመጡ «ተመስገን በል! ሙሉ እጅህን ቢወስደውስ?»

ሙያው ደረጃ አለው። ጣቱ የተቆረጠ እጁ ስለቀረለት ያመስግን። እጁ የተቆረጠ ክንዱ ስላለ። ክንዱ የሄደ እንደሆነ የግራው ከሆነ ቀኙ ስለተረፈለት፣ የቀኙ ከሆነ ደግሞ «ስንቱ በግራው ይጽፍ የለ?» ሁለቱም ከሄዱ እግር አለ። እግሩም ከሄደ ነፍስ አለች። ነፍስም ብትወጣ ባለሙያዎቻችን አይደናገጡም፤ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዘገኑ «ሳይሰቃይ ነው የሄደው» ይላሉ። ተሰቃይቶ ከሞተም መላ አይጠፋም፦ «ቢያንስ ዘመድ አስታሞታል።» አገሩ ወሎ ነውና አንዱ «ተመስገን» ሲል ጎኑ ያለው «አልሃምዱሊላህ» ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ልዩነት ኖሮን አያውቅም። ፈጣሪ ራሱ፣ ማሽን ሰው በበላ ቁጥር ይህን ያህል ለምን እንደሚመሰገን ሳይገርመው አይቀርም።

ከእነሱ ቀጥሎ መርማሪዎቹ አሉ። «እጅህ እንዴት እዚያ ገባ? ጥንቃቄ እኮ ነው ዋናው!» ይህን ያለው ሰውዬ ከቴሌቪዥን ሪሞት በቀር ማሽን ነክቶ አያውቅም።

እንዴት እንደገባ ልጁ ነግሮኛል። ቺንጋው መከለያ ነበረው። ለማጽዳት ማሽኑን ማቆም፣ መከለያውን ፈትቶ መልሶ መግጠም ጊዜ ይበላል ተብሎ ብሎኖቹ ከተፈቱ ቆይቷል። ቆርቆሮው አሁን ሁለት ሳጥን ላይ ተጋድሞ የምሳ ጠረጴዛ ሆኗል። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ክንድ እንዳይቧጭር ጨርቅ ጠቅልለውበታል። ምሳ የሚበላ ሰው እንዳይጎዳ ታስቦለታል ማለት ነው። በሚዞር ቺንጋ ሥር ብናኝ የሚጠርግ ግን፣ ይጠንቀቅ።

ያን ሁሉ ብርቱካን ካመጣው ሰው መሃል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያነሳ አንድ ሰው አልሰማሁም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ በሥራ ላይ ለደረሰው አደጋ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ሕክምናው በአሠሪው ነው። መሥራት ላልቻለበት ጊዜ መጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 3 ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ 6 ወር ከግማሽ የማያንስ ይከፈለዋል። ለዘለቄታው ለጎደለው አካል ደግሞ ካሳ አለ። ይህን አልጋው አጠገብ ቆሞ ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልጁ ገና ጢሙን በወጉ አላበቀለም! በዚያ እጁ ነው እናቱን የሚጦረው! ማንን፣ ስለምን ያመስግን?

ለማንኛውም ምስጋናዬን ልጨርስ። የሁሉም አውራ የሺፍት መሪው ነው። ጁስ ይዞ መጣ፣ ግንባሩን ሳመው፣ «ተመስገን ነው፤ ማሽኑም ምንም አልሆነ፤ በዚያው ሌሊት ተነሳ» ብሎ አጽናናው። ከዚያ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ይጀምራል።

ልጁ የታሰረ እጁን አሳየው፤ እስክሪብቶ መያዝ አይችልም።

ሰውዬው የማኅተም ቀለም ሳይቀር ይዞ ነው የመጣው። «ችግር የለም» አለ፣ «ተመስገን፣ የግራ አውራ ጣትህ አለች።»