ውሻ ምን ሰዓት ያውቃል?

በምኖርበት ግቢ «ውሻ ምን ሰዓት ያውቃል?» የሚለውን ንግግር ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ጎረቤቶቼ ይሉታል፣ የቤቱ ባለቤት እትዬም ይሉታል፣ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶቼም ይደግሙታል። ይህን የምጽፈው ንግግሩ ስለሰለቸኝ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ንግግር ሰበብ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ውሻና ድመት ያለ ጥፋቱ እንደሚራብ፣ እንደሚታሰር፣ እንደሚደበደብና «አመለኛ ሆነ» ተብሎ ከግቢ እንደሚባረር በዓይኔ ስለማይ ነው። ውሻ ሰዓት ያውቃል። ድመትም ታውቃለች። ሰዓታቸውን የምናዛባባቸው እኛ ነን፤ ካዛባን በኋላም የምንቆጣው እነርሱን ነው።

የእኔን ሁኔታ ላስረዳ። ሥራዬ በኢንተርኔት ሲሆን አሠሪዎቼ ያሉት በምሥራቅ አሜሪካ ነው። እነርሱ በየዓመቱ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በእኛ አቆጣጠር የፊተኛው የካቲት አልቆ መጋቢት ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ፣ የኋለኛው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ይውላል። ከማርች እስከ ኖቬምበር ድረስ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት የምጀምረው ሥራ ከዚያ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ይዞራል፤ የምጨርሰውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 7 ሰዓት ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰዓት ምንም ሳይነካ የእኔ መኝታ፣ መነሻና ምግብ፣ ከእኔም ጋር የውሻዬ የቦቢ ውሎ በሙሉ በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል። ዛሬ በከተማችን እንደ እኔ ከውጭ አገር ጋር የሚሠሩ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ፈረቃቸው በየጊዜው የሚዞርባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ነርሶችና የጥበቃ ሠራተኞችም በየግቢው አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ እንስሳ ከእነርሱ ጋር ፈረቃ ይቀይራል።

እዚህ አገር ሰዓት መቀየር ያላስፈለገው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም፤ በለንደን ግን ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ጀርመን ሰዓት የመቀየርን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የጀመረችው ለመብራት የሚጠፋውን ከሰል ለመቆጠብ ነበር፤ ከዚያም ብዙ አገሮች ተከተሏት። (ከጣና የሚወጣውን ዓባይ የምትጠጣው ግብፅ ለዓመታት ትታው ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 መልሳ መጀመሯ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ የእኛ ሰዓትና የእንስሳው ሰዓት ከማንም አገር ይልቅ ሊስማሙ በተገባ ነበር።

የእንስሳ ሰዓት በአካሉ ውስጥ ነው ያለው። በአንጎሉ ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ ያለች እጅግ ትንሽ ክፍል በዓይን የሚገባውን ብርሃን እየተከተለች የእንቅልፉን፣ የሰውነቱን ሙቀትና የርሃቡን ጊዜ ትመራለች፤ ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር መመንጨት ይጀምራል፣ ሲነጋ ይቀንሳል። ከብርሃኑ ቀጥሎ ትልቁ ምልክት ምግብ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚበላ እንስሳ ምግቡ ከመቅረቡ አስቀድሞ ይነቃል፣ ይንቆራጠጣል፣ በር ላይ ይቆማል። ይህን ለማመን ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም፤ ከሐይቁ በስተምሥራቅ የፎገራ ላም የሚያረባውን ገበሬ መጠየቅ ይበቃል፤ ላሚቱ የምትታለብበት ሰዓት ሲያልፍባት እንዴት እንደምትሆን ከማንም በላይ እርሱ ያውቀዋል። ሰዓት በሚቀየርባቸው አገሮችም ብዙ የወተት ገበሬዎች የማለቢያውን ጊዜ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እያንቀሳቀሱ ላሞቻቸውን ያለማምዳሉ። ለላም ሲሆን የምናምነውን ለውሻ ሲሆን ለምን እንደምንክደው አይገባኝም።

ጥቅምት ሲያልቅ ታዲያ ቦቢ የሚነቃው እንደ ወትሮው ዶሮ ሲጮኽና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ነው። እኔ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ስለምተኛ አንድ ሰዓት ዘግይቼ እነሣለሁ። ካላለማመድኩት በዚያች በቀረችው አንድ ሰዓት በሬን ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርብልኝም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ሰንሰለት ግዢለት። ቀን ታስሮ ከዋለ ማታ ደኅና አድርጎ ይጠብቃል።» እትዬ ይህን የሚሉኝ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሲሠራበት ያደጉበት ልማድ ነው። ነገር ግን ሰንሰለት የሚያደርገውን በየሰፈሩ ስናየው የኖርነው ነው። አንገቱ ተልጦ ዝንብ የወረረው፣ የውኃ ሳሕኑ ተገልብጦ ከማይደርስበት ቦታ የወደቀ፣ በመጋቢት ፀሐይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲያለከልክ የሚውል ውሻ ያልሞላበት ሰፈር የለም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል፣ የፈራ ውሻም ማንን እንደሚነክስ አይመርጥም።

ከዚህ የከፋም አለ። ሰዓቱ ስለተዛባበት ሌሊት የሚያላዝነውንና ግቢ ለግቢ የሚዞረውን ውሻ አንድ ሰው «አብዷል» ካለ ነገሩ አበቃ፤ ድንጋይና ዱላ ይከተላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን የራሱ ምልክቶች አሉት፦ ድንገተኛ የጠባይ ለውጥ፣ መዋጥ ማቃት፣ ለሃጭ መዝረክረክ፣ የመንጋጋና የእግር መዛል፣ ያለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ መንከስ። የውሻውን ሰዓት የሚያውቅ ባለቤት ሁለቱን ለመለየት ይቀለዋል፤ በየቀኑ በምግብ ሰዓቱ በር ላይ የሚቆም ውሻ አንድ ቀን ሳይመጣ ሲቀር መታመሙን ከማንም ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነውና።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ለውጡ ሊደርስ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ምግቡን በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አዘገየዋለሁ፤ የሽርሽሩንና የመኝታውንም ሰዓት እንዲሁ። በመጋቢቱ ለውጥ ደግሞ በዚያው ልክ አስቀድማለሁ። ከአልጋ እንደወረድኩ ምግብ አላቀርብም፤ ጥቂት ሥራ ሠርቼ ነው የማቀርበው፣ መነሣቴ ብቻውን የምግብ ምልክት እንዳይሆንበት። ቡችላና ያረጀ ውሻ ሽንት መያዝ ስለማይችሉ በልማዳቸው ሰዓት ወጥተው እንዲመለሱ መደረግ አለበት፤ ለእነርሱ የሚንቀሳቀሰው ምግቡ ብቻ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ የምትነቃቃ ስለሆነች፣ ማታ አጫውቶ ከዚያ በኋላ ማብላት ሌሊቱን እንድትተኛ ይረዳታል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጮኸች ብሎ ተነሥቶ ማብላት ግን ነገም በዚያው ሰዓት እንድትጮኽ ማስተማር ነው። እንደ ኢንሱሊን ያለ በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ያለው እንስሳ ከሆነ ግን ሰዓቱን ከማንቀሳቀስ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ከመጋቢት በኋላ ሥራዬ በ10 ሰዓት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ቦቢን ላውጣው ብል አስፋልቱ የጋለበት ጊዜ ይሆናል፤ እጅን አኑረው ለጥቂት ሰከንዶች የማይታገሡት አስፋልት ለውሻ መዳፍም አይሆንም። ስለዚህ የዚያን ወቅት ሽርሽር ወደ ጠዋት አዛውሬ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ወደ ሐይቁ ዳር እወስደዋለሁ።

ይህን ሳደርግ የሚያዩኝ ሰዎች «ሰው በተራበበት አገር!» ይሉኛል። ይህ ንግግር ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የጠቀስኩት ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። ምግብን በ15 ደቂቃ ማዘግየት ከማንም ድሃ አፍ ላይ ጉርሻ አይነጥቅም።

ሰዓት አንቀይርም የምንለው እኛ ደግሞ ራሳችን የምንቀይረው ሰዓት አለን፤ እርሱም ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአሜሪካኖቹ የመጋቢት ለውጥም ብዙ ጊዜ በዚሁ ጾም ውስጥ ይውላል። ጥቅምት ሲያልቅ የሚመጣውን ለውጥ ተከትሎ ደግሞ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጠዋት ቁርስ ይበላ የነበረ ቤት እስከ 9 ሰዓት ምድጃ ሳይነድበት ሲውል፣ የቁርሱን ትራፊ ይጠብቅ የነበረው ውሻም በግድ አብሮ ይጾማል፤ በ9 ሰዓት የሚደርሰውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው የበዛበት ሽሮ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፤ ድመት ላይ ይብሳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቀናት ካለፉ በኋላ ስለሆነ እንስሳው ሲዝል ከወጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። ጾሙን የምጾመው በእምነቴ ነው፤ ድመት ግን ሥጋ በል ፍጥረት ናት፤ ከእንስሳት አካል የምታገኘውን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ለረጅም ጊዜ ካጣች ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ በዚህ ረገድ ምንም ምክንያት የለንም። ዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶና አምባዛ በሚያጸዱበት ቦታ የሚጣለው ጭንቅላትና ቁርጥራጭ ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጥንቃቄ ከወጣለት፣ ለድመትም ለውሻም ያለ ጨውና ያለ ቅመም የሚሰጥ ደኅና ምግብ ነው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ሁለት ወር ሽሮ የለመደ ሆድ ላይ ጮማና የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይከመርበታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ ድንገተኛ ጮማም ቆሽትን ያስቆጣል። በበዓሉ ማግሥት የሚያስታውከው ውሻ «ጠገበ» ይባልና ያልፋል።

እንስሳ ሲታመም በየቤቱ ስለሚሰጠው መድኃኒትም መናገር አለብኝ። ሁሉም ሰው እንስሳውን ያለ ፋብሪካ መድኃኒት ጤነኛ ማድረግ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ለትል ነጭ ሽንኩርት ማብላት፣ ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት እንስሳውን መመረዝ ነው፤ ዘይቱን ልሶ ወደ ሆዱ ያስገባዋል። እንቅልፍ እንዲያመጣ ተብሎ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላከው ከረሜላም ቢሆን ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ካለበት የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ድመቷን አሟታል ብሎ አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል መስጠት ሊገድላት ይችላል። እንስሳን በተፈጥሮ መንገድ ጤነኛ የሚያደርገው ንጹሕ ውኃ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ፣ የጠዋት ብርሃንና መንቀሳቀስ፣ በቂ እንቅልፍ ነው።

ክትባት ግን በእነዚህ አይተካም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ፣ ከዚያም በየዓመቱ መድገም ይኖርበታል። በሽታው ምልክቱን አንዴ ካሳየ የሚድን ሰው አለ ለማለት አይቻልም፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበሉም ጸሎቱም የእኛ ነው፣ ክትባቱን ግን አያስቀርም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28፣ ማለትም በመስቀል ሰሞን ስለሚውል፣ የቦቢን ዓመታዊ ክትባት በዚያ ሰሞን ማስከተብ ልማዴ ነው።

ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ በግቢያችሁ ያለ ውሻ ድንገት ጠዋት ጠዋት መጮኽ ከጀመረ ሰንሰለት ከማዘዛችሁ በፊት የባለቤቱ የሥራ ሰዓት ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁት፤ ተቀይሮ ከሆነም አንድ ሳምንት ታገሡት። የምሽት ሥራ የምትሠሩ ደግሞ ፈረቃችሁ የሚዞርበትን ቀን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁና የእንስሳውን ምግብ ከዚያ በፊት ማንቀሳቀስ ጀምሩ። እኔ ቦቢን አላስርም። ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ምግቡን ማዘግየት እጀምራለሁ፤ በዚያ ሰሞን ጠዋት ድምፁ ቢሰማ እንዲታገሡኝም ለእትዬ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።