የአውራ ጣት ችሎት

ፍርድ ቤት ተንቀራፈፈ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ይገርሙኛል። ስልክ የላቸውም እንዴ? እኛ ዘንድ ቀጠሮ የለም። ዳኛው እረፍት ላይ ናቸው የለም። መዝገቡ ጠፋ አይባልም፤ መጀመሪያውኑ መዝገብ የለማ! ፎቶው ይለጠፋል፣ ፊቱ ይታያል፣ ይፈረዳል። ተጠርጣሪው ገና ጣቢያ ደርሶ ስሙን ሲያስመዘግብ እኛ ይግባኙን ሁሉ ውድቅ አድርገን ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈናል።

አያቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያሉ ሲቆጩ ይኖሩ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ኢንተርኔት አልነበራቸውም።

የእኛ ችሎት ትልቁ ብርታት የማስረጃ ሕጉ ነው። ማስረጃ ማለት ፊት ነው። ሰውዬው ካለቀሰ ትያትር ነው። ካላለቀሰ «አያችሁት? ቅንጣት ጸጸት የለውም» ነው። ፊቱን ከሸፈነ «ንጹህ ቢሆን ምን ያስሸፍነዋል»፤ ቀና ብሎ ካሜራውን ካየ «ድፍረቱ!»። ዝም ካለ የሚለው አጥቶ ነው። ጠበቃ ከያዘማ በቃ፣ አመነ ማለት ነው። በዚህ ሕግ አምልጦ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንዲህ ያለ ውጤታማነት የትኛው አቃቤ ሕግ አለው?

ደግሞ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አውስትራሊያ፣ ኡሉሩ ከሚባለው ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ድንኳን ተክለው ያደሩ ባልና ሚስት የዘጠኝ ሳምንት ሴት ልጃቸው ጠፋችባቸው። እናትየዋ ሊንዲ ቻምበርሌን ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ወሰዳት አለች። ሕዝቡ ቴሌቪዥን ከፍቶ ፊቷን መረመረ። አላለቀሰችም። የልጅ እናት ሆና እንዴት አታለቅስም? አለባበሷም ተመረመረ፤ ሐዘንተኛ እንዲህ አትለብስም ተባለ። ከዚያ የሕፃኗ ስም ተመረመረ። ስሟ አዛርያ ነበር። ትርጉሙ «በምድረ በዳ የቀረበ መሥዋዕት» ነው ተብሎ ተወራ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ ሳይስቅ አይቀርም። ከእቶን እሳት የወጡትን ሦስቱን ልጆች፣ አናንያን፣ አዛርያን፣ ሚሳኤልን የማያውቅ ማን አለ? ስሙ «እግዚአብሔር ረድቷል» ማለት ነው። አንድ የሰንበት ተማሪ ቢጠየቅ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን ስሙን ከመጠየቅ መፍረድ ይቀላል።

የሚገርመው ፍርድ ቤቱም ከሕዝቡ ጋር ተስማማ። በ1982 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። መኪናው ውስጥ የሕፃን ደም ተገኘ ብለው ባለሙያ መሰከሩ። ያ «ደም» ከጊዜ በኋላ ሲጣራ በአመዛኙ መኪና ድምፅ እንዳያስተጋባ የሚረጭ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። በ1986 የሕፃኗ ሹራብ ከዲንጎ ጉድጓድ አቅራቢያ ሲገኝ ተፈታች፣ በ1988 ፍርዱ ተሰረዘ። ልጅቷን የወሰዳት ዲንጎ ነው ተብሎ በይፋ የተመዘገበው ግን በ2012 ነው። 32 ዓመት! እኛ በ32 ሰከንድ የምንጨርሰውን።

ሪቻርድ ጁዌልንም ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ጊዜ ቦምብ የያዘውን ቦርሳ አይቶ ሰው እንዲርቅ ያደረገ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ለሦስት ቀን ጀግና ተባለ። ከዚያ ተጠርጣሪ መሆኑ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ካሜራ በሩ ላይ ሰፈረ። ነገሩ ውስጥ እንደሌለበት የተነገረው ከ88 ቀን በኋላ ነው። ቦምቡን ያጠመደው ሌላ ሰው ጥፋቱን ያመነው በ2005። የጁዌል ጥፋቱ ምን ነበር? ቦርሳውን ማየቱ። እኛ ቦርሳ አናይም፣ ፊት ነው የምናየው።

አሁን አንዳንድ የሕግ ሰዎች ነን ባዮች ይመጡና እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ይጠቅሳሉ። አንቀጽ 11፣ የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹህ ሆኖ ይገመታል። ይገመታል! እኛ እኮ አንገምትም፤ እናውቃለን። ዳኛው ካሰረው «ፍትህ አለ» እንላለን፣ ነጻ ካለው «በልቶ ነው»። ማስረጃ የለም ከተባለም ማስረጃው ተደብቋል ማለት ነው።

እንደነዚህ ያሉት ሰዎች ዘራቸው ከዳንኤል ይመስለኛል። ሶስናን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ ከወጣት ጋር አየናት ብለው መሰከሩባት። ሕዝቡ አመነ። ሊገድሏት ሲወስዷት ያ ልጅ ድንገት ተነስቶ ለየብቻ እንጠይቃቸው አለ። የት ዛፍ ሥር ነው ያያችኋት? አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። ታሪኩ እዚያው ተበላሸ። ዛሬ ኮመንት ላይ «ለየብቻ እንጠይቃቸው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ልንገራችሁ? «ስንት ከፈለችህ?» «ዘመድህ ናት?» ሦስተኛው የእሱን ፎቶ ፈልጎ ያወጣል። ፊቱም ያስታውቃል።

ስለ ቅጣቱ ባላነሳ ይቆጨኛል። ችሎታችን ጨካኝ ነው የሚሉ አልገባቸውም፤ ሰው እያየ ነው። ስልክ የሰረቀ ይሰቀል። በር የገነጠለ እጁ ይቆረጥ። የሕዝብ ካዝና ያራገፈ ሲመጣ ግን ድምፃችን ይለሰልሳል። «ጭንቅላት ነው ባክህ።» «ያገኘ ሁሉ የሚያደርገው ነው።» ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ እሱ አልተቆጨም። ቆይቶ ሲያገኙት ደግሞ ፎቶ አብሮ መነሳት አለ። ይቺ ደግሞ ማቅለያ ትባላለች።

በዚያ ላይ ፍርዳችን ይርጋ የለውም። እስር ቤት የገባ አንድ ቀን ይወጣል። እኛ የፈረድንበት ሰው ሥራ ሲያመለክት ቀጣሪው ስሙን ይጽፋል፣ ፎቶው ይመጣል። ከ10 ዓመት በኋላም ይመጣል።

እኔም በዚህ ችሎት አገልግያለሁ። አንዱን ጉዳይ አልረሳውም። ማታ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው፣ በግራ እጄ ስልክ ይዣለሁ። ፎቶ መጣ። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ሌላኛው ላይ ጫማ አለ፣ ክሩ ተፈቷል። ዙሪያውን የሰው እግር ብቻ ይታያል። ከላዩ «ሞባይል ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ» ይላል። አፌ አረፋ እንደሞላ በአውራ ጣቴ «ደግ አደረጋችሁ! ይጨመርለት!» ብዬ ጻፍኩና ሼር አደረግኩት። ተጉመጥምጬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ማስተካከያ ወጣ። ስልኩ የራሱ ኖሯል። ነጥቆት የሮጠውን ሊይዝ ነበር የሮጠው። «ሌባ! ሌባ!» ብሎ የጮኸውም እሱ ነው። ሰዉ ከፊት ያለውን አሳልፎ ከኋላ ያለውን ያዘ። ማስተካከያው ረዘም ይላል፣ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። የጻፍኩትን ላጥፋው ብዬም አስቤ ነበር። ግን 214 ላይክ አለው። የ214 ሰው ድካም እንዲሁ ይጠፋል? ጫማውን አገኘው ወይ የሚለውን ግን የጻፈ አላየሁም።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። አዲስ ቪዲዮ ነው። አንዲት ሴት በሁለት ፖሊስ መሀል ቆማለች። ምን አድርጋለች እንደተባለ አላነበብኩም፣ ድምፁንም አልከፈትኩም። ታለቅሳለች። በእጅጌዋ ትጠርጋለች፣ እንደገና ታለቅሳለች።

አበዛችው።