በኮሙናሉ ስብሰባ ላይ ለሳቃችሁ

የሰፈራችን ልጆች ኮሙናሉን፣ የኮንዶሚኒየማችንን የጋራ ቤት፣ ለብራናና ለመጽሐፍ ሥራ ይሰጠን ቢሉ ቆዳ ይሸታል አላችሁ። እሺ፣ ይሸታል። ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የፍየል ቆዳ ሽቶ ሽቶ አይልም። ግን እናንተ ናችሁ ይህን የምትሉት? የፋሲካችሁን ቆዳ በአጥር ላይ ወርውራችሁ ለውሻ የተዋችሁት፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በዚያው መንገድ የተመላለሳችሁት? ድሮ ቆዳ ገዢው በር ድረስ እየጮኸ ይመጣ ነበር። ዋጋው ወደቀና የሚያነሳው ጠፋ። አሁን በየበዓሉ ማግስት የከተማችን ዳር ዳሩ ቆዳ በቆዳ ነው። ለዚያ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም።

የሰፈሩን ስም አልጠራም። ከአያት ወዲያ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ነው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። የማያውቀው ደግሞ የራሱን ሰፈር ያስብ፣ ብዙ አይለይም።

ኮሙናላችን የተሠራው በግ ማረጃ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እንጀራ መጋገሪያ እንዲሆን ነበር። ማንም አልጋገረበትም። ለዓመታት በሩ ተሰብሮ ሲኖር ውስጡን ምን እንዳደረጋችሁት አልናገርም፣ ምሳ እየበላ የሚያነብ ይኖራል። ያንን ቤት ያጸዱት ልጆቹ ናቸው። ልጆቹን የሰበሰቧቸው ደግሞ የኔታ ናቸው። ከጎጃም መጥተው ሴት ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ብራና ላይ በእጃቸው የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ፣ የመጽሐፍ ቆዳ ላይ ጌጥ የሚታተምበትን ድጉሰትም የሚያውቁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መዋል ሊገድላቸው ደርሶ ነበር። በፋሲካ ማግስት ወርደው አጥር ሥር የተጣለውን ቆዳ ሲያዩ አላስቻላቸውም። የፍየሉን መረጡ፣ ዘፈዘፉ፣ እንጨት አስመጥተው ወጠሩ፣ መፋቅ ጀመሩ። ልጆች ከበቧቸው። አጀማመሩ ይኸው ነው። ፕሮጀክት የለ፣ ስፖንሰር የለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል። በአንድ ጥግ ብራና ይፋቃል፣ በወስፌ ይሰመራል። በሌላው ጥግ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ይጠረዛል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ አጥሮ ልጆቻችን በስልክ ፒዲኤፍ እያጎሉ እንደሚያጠኑ፣ ስልክ የሌለው ደግሞ ጓደኛውን እንደሚለማመጥ ታውቃላችሁ። እነዚያ ልጆች ያንን ፒዲኤፍ ፕሪንት አስደርገው፣ አጥፈው፣ ጥራዝ በጥራዝ ሰፍተው፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብተው ለታናናሾቻቸው ይሰጡ ነበር። ስፌቱን ያስተማሯቸው የኔታ ናቸው፤ አባቶች ወንጌል የሰፉበት፣ አንዱን ጥራዝ ከሌላው በሰንሰለት እያያያዘ የሚሄደው። ጅማት ስለሌለ በጫማ ሰፊ ክር። ቅዳሜ ማታ ግጥም ይነበባል፣ አጭር ልብ ወለድ ይነበባል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ የማይረባ ነበር፣ ግን በዚህ ሰፈር ቅዳሜ ማታ ከመጠጥ ቤት ሌላ ምን አለ? አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም ተከፈተ፣ እሰየው ብለናል። አብርሆት ግን አራት ኪሎ ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ የታክሲ ብር ከማን ይለምን?

ልጆቹ ማመልከቻ ጻፉ። ኮሙናሉ የመጽሐፍ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ማዕከል ሆኖ በቋሚነት ይሰጠን፣ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ በእቁብ ብር ብሎኬት ገዝተን አንድ ክፍል እንሠራለን፣ ቆዳው እዚያ ይዘፈዘፋል አሉ። ሽታውን እኮ አስበውበት ነበር!

እሁድ ጠዋት በእድሩ ድንኳን ተሰበሰባችሁ። አጀንዳ አንድ የጥበቃ ደመወዝ፣ አጀንዳ ሁለት ኮሙናሉ። ቢራና ለስላሳ የሚያከፋፍል ሰው ለመጋዘን ልከራየው ብሏል። ማመልከቻው ተነበበ አልልም፣ ርዕሱ ተነበበ። «ይሸታል» ተባለ። «ገቢው ምንድን ነው?» ተባለ። እስከዚህ ድረስ እችለዋለሁ። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ጥበቃዎቹ ደመወዝ ይጠብቃሉ፣ የተቸገረ ሰው ኪራይ ቢመርጥ አልፈርድበትም። ከዚያ አንዱ ከኋላ ተነሳና «ልጆቻችንን የምናስተምረው ዶክተር እንዲሆኑ ነው ወይስ ፋቂ እንዲሆኑ?» አለ።

ሳቃችሁ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው እንኳ አጀንዳ የተጻፈበትን ወረቀት አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ልጆቹ ብቻ አልሳቁም። አንዷ የኔታን ቀና ብላ ማየት አቅቷት መሬት መሬት ታይ ነበር። ሳቁ ሳያባራ እጅ ይውጣ ተባለ፣ ለመጋዘኑ እጃችሁን አወጣችሁ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን ሳይቀር በሙያው እየሰደባችሁ ባለሙያውን አታሽሹት፣ ተዉ ብለው። የሚጽፈውን ሳይቀር! ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ስድብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እኛ ድንኳን ውስጥ ቀልድ ሆኖ መጣ። ያውም በየእጃችን ስማርት ስልክ ይዘን።

ሰኞ ቀን ሠራተኞች መጡ። መወጠሪያው እዚያው ውስጥ የተገጣጠመ ስለሆነ በበሩ አልወጣ አላቸው፣ ገመዱን በቢላ ቆራረጡት። ግማሽ የተፋቀ ብራና ነበረበት። ውጥረቱ ሲለቀው ተጨማደደ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ሲጣል እንደተጨማደደ ደረቀ። መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ታጭቀው በባጃጅ ሄዱ። ልጆቹ የቻሉትን ደረጃ ሥር ደብቀዋል፣ የቀረውን ቆራሌው ወስዶታል። የኔታ መጥተው ቆሙ። ይረግማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልረገሙም። ወስፌያቸውን ብቻ ጠየቁ። አልተገኘም።

እና በፌስቡክ ስለ መቅደላ ስትጽፉ አያለሁ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም መጻሕፍታችንን ከሌላው ዘረፋ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወሰዱ፣ ይመለስልን ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይመለስ። ሲመለስ ግን ማን ይጠግነዋል? የላላውን ጥራዝ ማን ይሰፋል፣ የተሰበረውን የእንጨት ሽፋን ማን ያበጃል? የሚችሉትን ሰው በሳቅ ሸኘናቸው እኮ። የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1300 ዓመት በላይ የኖረው ቆዳውን የፋቀ ሰው ስለነበረ ነው። ያኔም ይሸት ነበር። ለባህል ቀን ደግሞ ከየኔታ ብራና ጋር ተራ ይዛችሁ ፎቶ ተነስታችኋል፣ ዛሬም ፕሮፋይላችሁ ላይ ያልወረደ አለ። ቢያንስ እሱን አውርዱት።

እናንተ እናንተ አልኩ እንጂ እኔም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። አልሳቅኩም፣ አልተነሳሁምም።

የሚያደክመኝ ክፉ ሰዎች አለመሆናችሁ ነው። ለቅሶ ትደርሳላችሁ። የሰው ልጅ ሌሊት ቢታመም መኪና ታስነሳላችሁ። ክፉ ብትሆኑ ትቼያችሁ ዝም እል ነበር።

ባለፈው የኔታ ቤት ሄድኩ። ይመለሳሉ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ አፈርኩ። ልጃቸው ቡና አፈላች፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ስወጣ «ልጆቹ ስፌቱን እንዳይረሱት ንገራቸው» አሉኝ። እሺታ ይሁን ስንብት አልለየሁትም። እሺታ ነው ብዬ ይዤዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

የመጋዘኑ ውል የአንድ ዓመት ነው። ልጆቹ ማመልከቻውን አሳጥረው እንደገና ጽፈውታል። አሁን የሚጠይቁት ከኮሙናሉ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ ብሎኬቱ ባይሳካ በቆርቆሮም ይሠሩታል። ገቢው ምንድን ነው ብላችሁ ስለጠየቃችሁም ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ እየጠረዙ ለማኅበሩ ድርሻ ሊከፍሉ አስበዋል። የሚቀጥለው ስብሰባ እንደ ልማዳችን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ይተላለፋል፣ ደግሞም ይተላለፋል፣ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ኑ። ከዚያ በፊት ግን አራተኛ ፎቅ ወጥታችሁ የኔታን ይቅርታ ጠይቁ። ያን ነገር የተናገረው ሰው ቢጀምር ጥሩ ነበር፣ እሱ ባይጀምር እናንተ ጀምሩ። ማመልከቻው ጥበቃ ቤት ተቀምጧል፣ መፈረም የሚፈልግ እዚያ ያገኘዋል።