ከወንበሬ ጀርባ ለቆሙት ሰብሳቢ

ይድረስ፦ ባሕር ዳር፣ ከጌም ቤታችን ሁለተኛ ወንበር ጀርባ በቋሚነት ለቆሙት፣ የ«ቴከን ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ» ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል።

ጉዳዩ፦ ዝም እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ማጅራቴ ላይ ከሚያርፈው ትንፋሽዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አንቱታው እዚህ ጋ ይብቃን። ባለፈው የያዝኩትን ቆሎ ሳትጠይቀኝ እየዘገንክ የጨረስክ ሰው ነህ። አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግከውን ታስታውሳለህ? አታስታውስም፣ እኔ ላስታውስህ። ቴከን 7 ላይ ነኝ፣ ሁለት ሰው የሚደባደብበት ጌም ላይ። ሁለት ለሁለት ሆነናል፣ የመጨረሻው ራውንድ ነው፣ የኔም የተጋጣሚዬም የደም መስመር ክር አክላለች፣ ማን ቀድሞ እግሩን ያነሣል ብለን ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠባበቅ አንተ ከጀርባዬ ቀስ ብለህ «ቆይ ግን፣ ኔጋን ቴከን ውስጥ ምን ቤት ነው?» አልክ። ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ እስካሁን አልገባኝም። ስመለስ ተጋጣሚዬ የያዘው ኤዲ ላዬ ላይ እየጨፈረ ነው። ኤዲ! ልጁ ከተቀመጠ ጀምሮ ከሁለቱ የእርግጫ በተኖች ሌላ የነካው ነገር የለም። የቤቱ ህግ ይታወቃል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ከፍዬ ተነሣሁ። አንተ ደግሞ ትንሽ እንኳ ሳታፍር «አየህ፣ በኔጋን ፈንታ ኤዲን ማዳከም ነበረባቸው» አልከኝ።

እስቲ ስለ ኔጋን እናውራና እንገላገል። አዎ፣ ሰውዬው ዞምቢ ካለበት አገር፣ ከዎኪንግ ዴድ ድራማ ነው የመጣው። አዎ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ቴከን ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሲገባ እኔም አልጠራሁትም። ግን ዱላው ነው የገረመህ? የሽቦ ጥምጥም ያለበት ዱላ ስለያዘ? ጎጃም ተወልደህ አድገህ ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ብርቅ ሆነብህ?

ከሱ ደግሞ ፋይናል ፋንታሲ ከሚባለው ጌም በመጣው ልዑል፣ በኖክቲስ ላይ ዞርክ። «የቡጢ ጌም ውስጥ ጎራዴ ነውር ነው» አልክ። ወንድሜ፣ ዮሺሚትሱ ጎራዴውን ይዞ የተሰለፈው የመጀመሪያው ቴከን በ1994 ሲወጣ ነው፣ እኔና አንተ ሳንወለድ። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲከትፍ ዝም ብለህ፣ የፋይናል ፋንታሲው ልዑል ሲመጣ ነው ነውሩ የታየህ?

እውነተኛውን ቅሬታ ብታነሣ እኮ አብሬህ እጮህ ነበር። አኩማና ጊስ ሃዋርድ! እንግዳ ሆነው መጥተው የቤቱን ምሰሶ ያነቃነቁት እነሱ ናቸው። አንዱ ስትሪት ፋይተር ከሚባል ጌም፣ ሌላው ከፌታል ፉሪ፣ አብዛኛው የቴከን ሰው የሌለውን የራሳቸውን የኃይል መለኪያ ተሸክመው ገቡ። በቴከን ዘለህ ከመጣህ ቀልበው ይመቱሃል፣ ያ ነው ሥርዓቱ፤ እነሱ ግን እንደ አገራቸው እየዘለሉ ይመጣሉ፣ አኩማ ጭራሽ ከሩቅ እሳት ይወረውርብሃል። አኩማስ እሺ፣ ቢያንስ ታሪኩ ውስጥ ሥራ ሰጥተውታል፣ የካዙያ እናት ባሏንና ልጇን እንዲገድልላት ለምናው ነው የመጣው። ሰው ተልኮ ከመጣ ቡና ይፈላለታል። ጊስ ግን ማን ላከው? ማንን ሊጠይቅ…

ይኸው። አየህ? እኔንም አስገባኸኝ።

«ጎኩ ይግባ» የምትለውን ደግሞ ማውራት አልፈልግም፣ ግን አወራለሁ። ጎኩ እኮ ፕላኔት የሚያፈነዳ የካርቱን ሰው ነው። ሁለት በተን በሚነካ ልጅ እርግጫ ሲወድቅ ማየት ነው የናፈቀህ? ለኒንቴንዶው የፍልሚያ ጌም፣ ለስማሽ ብሮስም ስንቱ ጎኩን ሲጠይቅ ኖሯል። አልቲሜት የሚባለው ዕትሙ 89 ተፋላሚ ሰብስቦ በ2021 በመጨረሻው ገቢ በሶራ በሩን ሲዘጋ፣ ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ከካርቱን ወይም ከፊልም የተወለደ አንድ የለም፣ ሁሉም የጌም ልጆች ናቸው። ህግ ማለት ይሄ ነው፣ ብትወደውም ባትወደውም ለሁሉም አንድ ነው። ያንተ ህግ ሰኞ «ጌም ያልሆነ አይግባ»፣ ማክሰኞ «ጎኩ ይግባ»፣ ረቡዕ «ቴርሚኔተር ሞርታል ኮምባት ውስጥ አምሮበታል»።

ደግሞም በጩኸት የሚገባ እንግዳ የለም። ገጸ ባሕርዩ የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት፣ ውል አለ፣ ገንዘብ አለ። ውሉ ከሌለ መመለስም የለም። ቴከን 3 በ1998 ፕሌይስቴሽን ላይ ሲመጣ ጎን የሚባል ትንሽዬ ዳይኖሰር ነበረ፣ ከጃፓን ኮሚክ የመጣ እንግዳ፣ ያኔ እንደሄደ ቀረ። በ2024 ቴከን 8 ሲወጣም እነ ኔጋን፣ እነ ኖክቲስ፣ እነ ጊስ በሩ ላይ ቀሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ክላይቭ የሚባል ሌላ እንግዳ መጣ። እንግዳ እንደዚህ ነው፣ ሲነጋ ይሄዳል። ካንተ በስተቀር።

ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ምልመላ ገባህ። «በላይ ዘለቀ ይግባ!» ስትል ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ጮኼያለሁ። ከጎንደር መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ቀና ብሎ «ቴዎድሮስስ?» አለ። በቃ። ግማሽ ሰዓት ጆይስቲክ የነካ ሰው የለም። ሴባስቶፖል ተራ ምት ነው ወይስ ደም ሲያልቅ ብቻ የምትወጣ? አባ ኮስትር ጠመንጃ ይዞ ከገባ ዮሺሚትሱ ምን ሊበጀው ነው? ያን የሚያህል መድፍ መድረኩ ላይ ማን ይጎትተዋል ሲባል የጎንደሩ ልጅ ምንም ሳይስቅ «ተጋጣሚው» አለ። የቤቱ ባለቤት ግን ሰዓት እየቆጠረ ነበር፣ የቆጠረው ደግሞ በኔ ላይ ነው።

እኔ ጉማሬ ያልኩት ያኔ ለቀልድ ነበር። አሁን ለቀልድ አይደለም። ቴከን ድብ አለው፣ ፓንዳ አለው፣ ቴከን 2 ላይ የቦክስ ጓንት ያደረገ ካንጋሮ ነበር። ታዲያ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጋ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ብቻ ከውኃ አውጥቶ የሚያየን ጉማሬ ምን አነሰው? ክብደት አለው። ትዕግሥት አለው። ተናዶ ሲነሣ የደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ለባሕር ዳር ልጅ አይነገርም። አንተ ግን «ጉማሬ ኮምቦ፣ ተከታታይ ምት፣ አይሠራም» ብለህ በአንድ ቃል ጣልከው። ኤዲን ታግሠህ ጉማሬን?

የዚያን ቀን ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ያመጣው ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ነው። ልጁ ለመጫወት እንኳ አልመጣም፣ ብር ሊዘረዝር ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ሰማንና «እምቦጭን አስገቡት» አለ። «ማንም ሳይጠራው ገብቶ፣ በእጅ ሲነቅሉት፣ በማሽን ሲያጭዱት አልወጣም ያለ እንግዳ እሱ ነው።» ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅክ። እኔ አንተን እያየሁ ነበር።

ማክሰኞ ማታ መብራት ሲጠፋ ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? እየመራሁ ነበር እኮ። ግን ስክሪኑ ከጠፋ ይሄ ሰው ስለምን ያወራል ብዬ ነው። በጨለማው ውስጥ «ባይዘዌይ፣ ስፖን ቴከን ውስጥ ቢገባ…» አልክ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ጥቂት ነው። ወይ ተቀመጥና ተጫወት። ወንበሩን ሦስት ጊዜ ለቅቄልህ ሦስቴም «የለም፣ እኔ ማየት ነው የምወደው» ብለሃል፣ ሰው እንዴት አንድ ጌም ሳይከፍል የዓለምን ጌም ሁሉ ያስተዳድራል? ወይ ደግሞ ከኔ ጀርባ ወደ ኤዲው ልጅ ጀርባ ተዛወር። እዚያ ቆመህ የፈለግከውን አስገባ፣ የፈለግከውን አስወጣ፣ ቆሎም እኔ እገዛልሃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሁለተኛው ወንበር ተጫዋች (ብዙውን ጊዜ ተነሺ)

ግልባጭ፦
ለጌም ቤቱ ባለቤት፣ ቅዳሜ የተቆጠረብኝ ግማሽ ሰዓት እንዲታይልኝ
ለጎንደሩ ልጅ፣ መድፉን ይዞ እንዲጠብቅ
ለጉማሬው

ይድረስ ካልኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሶልካሊበር 4 የሚባለው ጌም ላይ የስታር ዎርሱ ዮዳ አጭር ስለሆነ ማንም ይዞ ሊወረውረው አይችልም ያልከኝን ውሸት ነው ብዬህ ነበር። አጣራሁ፣ እውነት ነው። እና ምን መሰለህ፣ አንድ እንደዚያ ያለ አጭር ሰው ቴከን ውስጥ ቢገባ… ተወው፣ ቅዳሜ ስትመጣ እነግርሃለሁ።